ርቆ የቆየ ሰው መድኑ ማን ነው?

አጎቴ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ከአዲስ አበባ ወደ ሜሪላንድ ሲመለሱ 73 ዓመታቸው ነበር። ስኳር አለባቸው፤ እግራቸው ያብጣል። እኔ የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ቁጭ ብለው አርፈው ነው ቤት የደረስነው። ሻንጣውን ስንከፍት በርበሬውና ሽሮው ከላይ ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን ወደ ታች ሰደው አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አወጡ። ቆርቆሮው ውስጥ በላስቲክ የታሰሩ የደመወዝ ወረቀቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1984 በሱዳን በኩል በስደት አሜሪካ ከገቡ ጀምሮ እስከ 2016 ድረስ ፓርኪንግ ሲሠሩ የተቀበሏቸው ናቸው።

"ነገ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ስንሄድ ይዘነው እንሄዳለን" አሉኝ።

"ምን ያደርግልናል ጋሼ? ሁሉም እኮ ኮምፒውተር ላይ አለ።"

"ይሁን። ሰው ደግሞ በዓይኑ ይየው።"

ከእስሩ አንዱን መዝዤ አየሁት። የ1998 ነው። የሁለት ሳምንት ደመወዝ 800 ዶላር፤ ከሥሩ ተቀናሾቹ ተደርድረዋል። ለሶሻል ሴኩሪቲ 6.2 በመቶ፣ 49 ዶላር ከ60 ሳንቲም። ለሜዲኬር 1.45 በመቶ፣ 11 ዶላር ከ60 ሳንቲም። አሠሪውም ያንኑ ያህል ከራሱ ይጨምራል። ሁለቱ መስመሮች አንዱ ካንዱ ሥር ተጠግተው የተጻፉ ናቸው፤ አንዱ ለጡረታ፣ አንዱ ለሕክምና።

በማግስቱ መስኮቱ ላይ የተነገረን ይህ ነው። ሜዲኬር፣ የአረጋውያኑ የጤና መድን፣ በክፍል በክፍል ነው። ሆስፒታል ተኝቶ መታከምን የሚሸፍነው ፓርት ኤ 65 ዓመት ከሞላቸው ጀምሮ አላቸው፤ ቢያንስ 10 ዓመት ሠርቶ ያንን የሜዲኬር ተቀናሽ የከፈለ ሰው ያለ ወርሃዊ ክፍያ ያገኘዋል። ተመላልሶ መታየትን፣ ምርመራንና የሐኪምን ዋጋ የሚሸፍነው ፓርት ቢ ግን የላቸውም። በ2016 ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ "እዚያ ለማልታከምበት ለምን እከፍላለሁ" ብለው ትተውት ነበር። እንዲህ ያለ ዘግይቶ የመጣ ሰው የሚመዘገበው ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 ነው። እኛ መስኮቱ ላይ የቆምነው በኤፕሪል ሁለተኛ ሳምንት ነው። ስለዚህ የሚቀጥለውን ጃንዋሪ መጠበቅ ግድ ሆነ፤ ያኔ ቢመዘገቡ ሽፋኑ የሚጀምረው ፌብሩዋሪ 1 ነው። ለዘገዩበት ለእያንዳንዱ ሙሉ ዓመት ደግሞ በወርሃዊው ክፍያ ላይ 10 በመቶ ይጨመራል፤ ጭማሪው ዕድሜ ልክ አይነሣም። ያስተናገደችን ሴት በትሕትና፣ ሁለት ሦስቴ እየደጋገመች ነው ያስረዳችን። ሕጉን እሷ አልጻፈችውም።

አጎቴ የብስኩቱን ቆርቆሮ ጉልበታቸው ላይ እንደያዙ የተረጎምኩላቸውን ጨርሰው ሰሙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና "እንግዲህ ከወደቅሁ ያነሡኛል፤ እንዳልወድቅ ግን የሚያየኝ የለም ማለት ነው?" አሉኝ።

"አዎ ጋሼ፤ እንደዚያ ማለት ነው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ወጣትነቱን አንድ አገር ላይ አፍስሶ፣ ሄዶ፣ አርጅቶና ታምሞ የተመለሰ ሰው ከጋራው ማዕድ ምን ያህል ይገባዋል? የሚገባውስ በምን ይለካል፤ በከፈለው ነው፣ በቆየበት ነው፣ ወይስ አሁን በሚያመው?

ከቃሉ ልነሣ። መድን፣ መድኃኒት፣ መድኅን፣ ሦስቱም "ዳነ" ከሚለው ግስ የወጡ ናቸው። አማርኛ የኢንሹራንስን ውልና ከፋርማሲ የሚገዛውን ኪኒን በአንድ ሥር አስተሳስሯቸዋል። ሥሩ ስለ ገንዘብ አይናገርም፤ የሚናገረው ከክፉ ነገር ስለ ማምለጥ ነው። "መድን ገባሁ" የሚል ሰው አንድ ሰው ወይም አንድ ማኅበር ከክፉ ቀን ሊያወጣው ቃል እንደ ገባለት ነው የሚናገረው። ታዲያ ቃሉ የተገባው ለማን ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በቦታው ለተገኘ ብቻ ነው? ወይስ ሄዶ ለሚመለስም?

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ሲባል ሰምተን አድገናል። የመድን አሠራር ከዚህ አጥርቶ የተነገረበት ቦታ አላውቅም። ምሳሌው ግን ዝም ብሎ ያለፈው ነገር አለ። ሃምሳው ሰው አብሮ እየተጓዘ መሆኑን እንደ ታወቀ ነገር ይወስደዋል። አንዱ ሎሚውን ይዞ በሌላ መንገድ ቢሄድና ከዓመታት በኋላ የሌላውን ሁሉ ሸክም የሚያህል ሎሚ ተሸክሞ ቢመለስስ? የቀሩት አርባ ዘጠኙ "የት ነበርክ?" ቢሉት ክፉዎች ናቸው?

አይደሉም። ስለ አጎቴ ልቤ ቢቆስልም የእነዚህን ሰዎች ነገር ሳልመዝን ማለፍ አልችልም። እኔ ያደግሁበት ሰፈር እድር ነበር። ጎረቤት ሆኖ አሥር ዓመት ሙሉ ድንኳኑ ሲተከልና ሲነቀል በመስኮት እያየ የኖረ ሰው፣ ሚስቱ ስታጣጥር ሐሙስ ማታ የእድሩ ዳኛ ቤት መጥቶ "ዛሬ መዝግቡኝ" ቢል ምን ይባላል? ቢመዘግቡት በሚቀጥለው ወር መዋጮ የሚከፍል አይገኝም፤ ሁሉም የራሱን ሐሙስ ይጠብቃል። የጤና መድንም ያው ነው። ለመመዝገብ ቀድሞ የሚሮጠው ሕመሙ የታወቀው ሰው ነው፤ ጤነኛው ይዘገያል። ገንዘቡ ጤነኞች ከሌሉበት ዋጋው ይወጣል፤ ዋጋው ሲወጣ የቀሩት ጤነኞችም ይሸሻሉ፤ በመጨረሻ የሚቀረው የታመመ ሰው ብቻ ነው፣ ለእሱም የሚበቃ ገንዘብ አይኖርም። የፓርት ቢ ቅጣት የተሠራው ይህን ለመከላከል ነው፤ ምክንያቱ እውነተኛ ነው።

ጥያቄዬ ሌላ ነው። ያ የሐሙስ ማታው ሰውና አጎቴ አንድ ናቸው ወይ?

የሐሙስ ማታው ሰው ድንኳኑን መጠቀም ይችል ነበር፤ ከፍሎ መጠቀም ሲችል ሳይከፍል ለመቆየት መረጠ። ዕድሉን ሞከረ፤ ሲሸነፍ የሌላውን ኪስ ፈለገ። አጎቴ አዲስ አበባ በነበሩበት ጊዜ ግን ፓርት ቢ ቢኖራቸውም ምንም አይሠራላቸውም። ሜዲኬር ጥቂት የድንገተኛ አጋጣሚዎች ካልሆኑ በቀር ከአሜሪካ ውጭ ለተደረገ ሕክምና አይከፍልም። ስለዚህ የተጠየቁት ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ላለ፣ በታመሙ ቀን ሊደርሱበት ለማይችሉት በር በየወሩ እንዲከፍሉ ነው። ሊጠቀሙበት የማይችሉትን ነገር አለመግዛት ቁማር አይባልም።

እዚህ ላይ ያ የደመወዝ ወረቀት ይታወሰኛል። ከሁለቱ መስመሮች የላይኛው ባሕር ይሻገራል። የአጎቴ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ስምንት ዓመት ያህል አዲስ አበባ ሲኖሩ አንድም ወር አልቀረም። የታችኛው መስመር ግን አይሻገርም። ሁለቱም የተመሠረቱት በአንድ ሕግ ላይ ነው፤ ሜዲኬር በ1935ቱ የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ላይ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቀጠለ ክፍል ነው። ላለመሻገሩ በቂ ምክንያት እንዳለ እቀበላለሁ። ጡረታ የታወቀ ቁጥር ነው፤ ይላካል፣ ያልቃል። ሕክምና ግን ማን እንዳከመ፣ ምን እንዳደረገ፣ ዋጋው ልክ ይሁን አይሁን መታየት አለበት፤ አንድ መንግሥት በሌላ አገር ያለን ክሊኒክ እየዞረ ሊቆጣጠር አይችልም። ይሁን። ግን አገልግሎቱ እዚያ አይደርስም ካልን፣ እዚያ የኖሩበትን ዘመን እንደ ጥፋት መቁጠር ከዚህ ጋር አይሄድም። አንዱን የያዘ ሌላውን መልቀቅ አለበት።

ይህ የእኔ ብቻ ሐሳብ እንዳይመስል፣ ያው ሜዲኬር ራሱ በሌላ ክፍሉ ላይ እንደዚሁ አስቧል። የመድኃኒት ሽፋኑ ፓርት ዲ ይባላል። እሱም የዘገየን ሰው ይቀጣል፤ ነገር ግን ከአገር ውጭ የኖረበትን ጊዜ አይቆጥርበትም። ውጭ ያለ ሰው መመዝገብ ስለማይችል መዘግየቱ ጥፋቱ አይደለም ይላል፤ ሲመለስም ሁለት ወር ጊዜ ይሰጠዋል። አጎቴ በሜይ ወር ፓርት ዲ ያለ አንዳች ቅጣት ገቡ። አንድ ሰው፣ አንድ ጉዞ፣ አንድ መንግሥት፣ ሁለት ተቃራኒ ፍርድ። ከዚህም የወጣው ነገር ያሳዝናል፤ የስኳሩ መድኃኒት ተሸፈነ፤ መድኃኒቱን የሚያዝላቸው ሐኪም ግን አልተሸፈነም።

አሁን ከሁሉ የሚከብደኝን ተቃውሞ ላንሣ፤ እኔ ራሴ ሌሊት ያነሣሁት ነው። "አጎትህ በሩን አልዘጉትም። አዲስ አበባ ሲኖሩ፣ ክፉኛ ካመመኝ እመለሳለሁ የሚል ነገር በልባቸው ነበር። ያ በር ክፍት ሆኖ እንዲጠብቃቸው እዚህ የቀሩት ሰዎች በየወሩ ከፍለዋል። የተከፈተ በር ራሱ ዋጋ አለው" ይላል። እውነት ነው። እናም ዋጋውን ቁጭ ብዬ አሰላሁት።

በ2025 የፓርት ቢ መደበኛ ወርሃዊ ክፍያ 185 ዶላር ነበር። አጎቴ ስምንት ሙሉ ዓመት ስለዘገዩ ቅጣታቸው 80 በመቶ፣ 148 ዶላር ነበር፤ በድምሩ በወር 333 ዶላር። ስምንቱን ዓመት ሁሉ በ185 ሒሳብ ከፍለው ቢሆን ኖሮ 96 ወር፣ 17,760 ዶላር ይሆን ነበር። ይህን ለ148 ስናካፍለው 120 ወር፣ ልክ አሥር ዓመት ይመጣል። የዘገየው ሰው አንድ ዓመት ይሁን ሃያ ዓመት፣ ወርሃዊው ክፍያ 185 ይሁን 500፣ መልሱ ሁሌም አሥር ዓመት ነው፤ የ10 በመቶው ሥሌት ያስገድደዋል። ከተመለሰ በኋላ ከአሥር ዓመት በታች የኖረ ሰው ካልሄደው ያነሰ ከፍሎ ይሞታል። ከአሥር ዓመት በላይ የኖረ ግን ካልሄደው አብልጦ ይከፍላል፤ ያውም ምንም ላልታከመባቸው ዓመታት።

ይህን ሳገኝ ስለ ቅጣቱ ያለኝ ቁጣ ቀነሰ፤ ግን ጥያቄዬ ጠራ። በሰፈራችን እድር ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄዶ የቆየ አባል ሲመለስ ውዝፉን ይጠየቃል። ውዝፍ ቁጥሩ የታወቀ ነው፤ በአንዴ ወይም በጥቂት በጥቂቱ ተከፍሎ ያልቃል፤ ያለቀ ቀን ሰውየው እንደማንኛውም አባል ነው። አዲስ ገቢ ደግሞ መግቢያ ይከፍላል፤ ሌሎች ላዋጡበት ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ድርሻው ነው። ሁለቱም ማለቂያ አላቸው። ቅጣት ግን በየወሩ "አንተ ያ የሄድከው ነህ" ይላል፤ በ90 ዓመቱም ይለዋል። ውዝፍ ሰውን ወደ ማኅበሩ ይመልሰዋል፤ የማያልቅ ቅጣት ግን ደጁ ላይ ያስቆመዋል። በሩን ክፍት ለማቆየት ዋጋ ይከፈል ከተባለ እሺ እላለሁ፤ ቁጥሩ ይነገር፣ ተከፍሎም ይለቅ።

ደግሞስ ድስቱን የገዛው ማን ነው? ከፓርት ቢ ወጪ አባላቱ በወርሃዊ ክፍያ የሚሸፍኑት ሩቡን ያህል ነው፤ ሦስት አራተኛው የሚመጣው ከአጠቃላይ የመንግሥት ገቢ፣ ማለት ከግብር ነው። አጎቴ 32 ዓመት ግብር ከፍለዋል። ሌሊት ፓርኪንግ ውስጥ ከትንሽ ማሞቂያ ጋር ተቀምጠው ሲያድሩ ለሌሎች ሽማግሌዎች ሐኪም ከፍለዋል፤ ያኔ እሳቸው ጤነኛ ነበሩ፣ አንዲት ሳንቲም አልተጠቀሙም። የሐሙስ ማታው ሰው ድንኳኑ ላይ ምንም ድርሻ የለውም፤ አጎቴ ግን ካስማውን ከተከሉት አንዱ ናቸው።

የሌሎች አገሮች መልስ ለየቅል ነው። እንግሊዝ ውስጥ በ1948 የተቋቋመው የጤና አገልግሎት የሚጠይቀው ኑሮህ አሁን የት ነው ብሎ ነው። ለመኖር በሕጋዊ መንገድ የተመለሰ ሰው ሃያ ዓመት ውጭ ቢቆይም ከተመለሰበት ቀን ጀምሮ ይታከማል። እስራኤል ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በሚሠራው የጤና መድን ሕግ፣ ለመኖር አዲስ የገባ ፍልሰተኛ (ዖሌ) ወዲያው ኩፓት ሖሊም በሚባል የጤና መድን ድርጅት ይመዘገባል፤ ለዓመታት ውጭ ኖሮ የሚመለስ ነዋሪ ግን በቆየበት ልክ እስከ 6 ወር እንዲጠብቅ ሊደረግ ይችላል። መጠበቁን በአንድ ጊዜ ክፍያ ማስቀረትም ይፈቀድለታል። ይህ ከእድራችን ውዝፍ ጋር ይቀራረባል። ከጎንደር አዲስ የመጣች አሮጊት በመጣችበት ሰሞን ስትታከም፣ አሥር ዓመት ካናዳ ኖሮ የተመለሰ ልጇ ጥቂት ወራት ይጠብቃል። አገር አዲስ የመጣን ሰው እንደ ሙሽራ ይቀበላል፤ ሄዶ የተመለሰን ግን እንደ ባለ ዕዳ ያየዋል። መሄድን እንደ መካድ የመቁጠር ነገር ከመድን ሒሳብ የሚገኝ አይደለም፤ ከሌላ ቦታ፣ ከሰው ልብ የመጣ ነው። አጎቴን ከሁሉ በላይ ያቆሰላቸውም እሱ ይመስለኛል።

ለምን እንደሄዱ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2016 አያቴ 88 ዓመቷ ነበር፤ ከአልጋ የሚያነሣት ሰው ያስፈልጋት ነበር። ከልጆቿ በሕይወት ያሉት አጎቴ ብቻ ናቸው። ከልጅ ልጆቿ ደግሞ እኔ አለሁ፤ እኔ አልሄድኩም። ሥራ አለኝ፣ ልጆቼ ትምህርት ላይ ናቸው አልኩ። ጋሼ 65 ዓመት በሞላቸው በጥቂት ወር ውስጥ ዕቃቸውን ሸጠው ሄዱና እስከ 2023 መጨረሻ፣ በ96 ዓመቷ እስክታርፍ ድረስ አስታመሟት።

ከብስኩቱ ቆርቆሮ ሥር፣ ከደመወዝ ወረቀቶቹ በታች፣ አንድ ባለ 32 ገጽ ደብተር አለ። በእርሳስ የተጻፈ ነው፤ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር። የደም ግፊት ኪኒን። የልብ ራጅ። ታክሲ ደርሶ መልስ። ለምታጥባት ልጅ ደመወዝ። ዳይፐር፣ በየሳምንቱ፣ ዋጋው ከገጽ ገጽ እየወጣ። አንድ ገጽ ላይ "ኦክስጅን" ብቻ ተጽፎ ቁጥሩ ባዶ ነው። ምናልባት ያን ዕለት ለመጻፍ ጊዜ አልነበራቸውም።

ደብተሩን ሳገላብጥ ነው ነገሩ የበራልኝ። አያቴ የጤና መድን ነበራት፤ መድኗ ልጇ ነበሩ። በኢትዮጵያ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሙከራው ተጀምሮ ለብዙ ሚሊዮን የገበሬና በግል ሥራ ለሚተዳደር ቤተሰብ ደርሷል፤ ትልቅ ሥራ ነው። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 ደግሞ በ2002 ዓ.ም. ወጣ፤ ደመወዝተኛውንና ጡረተኛውን ይዞ የተነደፈ ቢሆንም ተግባሩ ለብዙ ዓመታት ሲዘገይ ኖረ። በእነዚህ መካከል የቆመ ሽማግሌ መድኑ ዛሬም ልጁ ነው፤ በተለይ ውጭ ያለው ልጁ። በስልክ "አሞኛል" የተባለ ሰው በዚያው ቀን ገንዘብ ይልካል። በዋሽንግተን፣ በሪያድ፣ በፍራንክፈርት ያለነው ሁሉ ይህን መድን ለዓመታት ስንከፍል ኖረናል። ይህ ክፍያ ግን የሚመዘገብበት መዝገብ የለም። ከፋዩ ራሱ አርጅቶ አዲስ አበባ ሲገባ የግል ኢንሹራንሶች መጀመሪያ የሚጠይቁት የልደት ዘመኑን ነው፤ ከ65 በላይ ለሆነ ሰው የሚሸጥ ውል ማግኘት ከባድ ነው፤ ቢገኝም ቀድሞ የነበረበትን ሕመም ያወጣበታል። ወደ አሜሪካ ሲመለስ ደግሞ እንደ አየነው ነው። በሁለት ማኅበር ከፍሎ በሁለቱም ደጅ ላይ ይቆማል።

የሄደበት ምክንያት በሒሳቡ ይግባ ማለቴ አይደለም። መንግሥት የሰውን ደብተር እያገላበጠ ይህ እናቱን ሊያስታምም ሄደ፣ ያ ባሕር ዳርቻ ሊዝናና ሄደ ብሎ ይለይ ብል ከቅጣቱ የከፋ ውርደት ነው የሚመጣው። የምለው ሕጉ አስቀድሞ በመሄድ ላይ ጥርጣሬ አያሳድር ነው። ሰው የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ሌላ ሰው የሚሸከመውን ለማገዝ ነው።

ስለ ቅጣቱ ብዙ አልኩ፤ ከቅጣቱ የከፋው ግን የመጠበቁ ነገር ነው። ቅጣት ይከፈላል፤ ልጅ ያግዛል፣ ወንድም ያግዛል። በኤፕሪል የገባ ሰው እስከ ፌብሩዋሪ ይጠብቅ ሲባል ግን አሥሩን ወር ማንም አያግዘውም። ሜዲኬር የተወለደው እኮ ከዚሁ ችግር ነው። ከ1965 በፊት ከአሜሪካ አረጋውያን ግማሽ ያህሉ የሆስፒታል መድን አልነበራቸውም፤ ኩባንያዎቹ ያረጀን ሰው አይፈልጉም ነበር። ፕሬዚዳንት ጆንሰን ጁላይ 30 ቀን 1965 ሚዙሪ ውስጥ ሕጉን ሲፈርሙ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ያደረጉት የ81 ዓመት አዛውንት የነበሩትን የቀድሞውን ፕሬዚዳንት ትሩማንን ነው። እርጅና ጥፋት አይደለም ብሎ የተነሣ ሕግ፣ አንድን የታመመ ሽማግሌ በሁለት ሳምንት ስለዘገየ አሥር ወር ማስቆሙን ከራሱ መነሻ ጋር ሊያስታርቀው አይችልም።

አጎቴ ጠበቁ። በገቢ ልክ የሚያስከፍል የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያ አገኘንላቸው፤ ነርሶቹ ደጎች ነበሩ። ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የፓርት ቢን ክፍያ ክፍለ ግዛቱ የሚሸፍንበት መንገድ አለ፤ በእሱ የገባ ሰው ጃንዋሪን አይጠብቅም፣ ቅጣቱም ይነሣለታል። ይህን የሚያነብ ሰው አባቱን ወይም እናቱን ሊያስመጣ ካሰበ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ የሚመለሱበትንም ወር ከጃንዋሪ ወይም ከፌብሩዋሪ ጋር ያገናኝ። የእኛ ሰው ጡረታ ግን ለዚያ መንገድ ከተወሰነው የገቢ ጣሪያ በጥቂት ዶላር በለጠ። በሴፕቴምበር ግራ እግራቸው ላይ ትንሽ ቁስል ወጣች። ደበቁኝ። ስጠይቃቸው "ጫማው ነው ልጄ፣ ይድናል" አሉኝ። የልዩ ሐኪም ዋጋ ስንት እንደሆነ ሰምተው ነበርና በእኔ ላይ እንዳይጨምሩ ብለው ነው። በኖቬምበር መጀመሪያ ትኩሳት ይዟቸው ሆስፒታል ገቡ፤ ስድስት ቀን ተኙ፤ ሁለት ጣታቸው ተቆረጠ።

በኤፕሪል እንዳሉት ሆነ። ሲወድቁ ተነሡ። ፓርት ኤ ከ1,632 ዶላር መነሻ ክፍያ በኋላ የሆስፒታሉን ሸፈነ። የቀዶ ሐኪሙና የማደንዘዣ ሐኪሙ ሒሳብ ግን ተለይቶ በፖስታ መጣ፤ እሱ የፓርት ቢ ነው። ለማዳን የተቆጠበው ለመቁረጥ ወጣ። የሕዝቡ ገንዘብ ተጠብቆ እንኳ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ግን አንድ የእግር ምርመራ ሊያስቀረው የሚችለውን ስድስት ቀን የከፈለው ያው የሕዝብ ገንዘብ ነው።

በፌብሩዋሪ ካርዱ ደረሰ። ስሙ ከላይ፣ ከሥሩ ቁጥሩ፣ ከዚያ ሁለት መስመር። ሆስፒታል፣ ፓርት ኤ፣ ማርች 1 ቀን 2016። ሕክምና፣ ፓርት ቢ፣ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2025። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩት። የላይኛው ቀን ላይ ጣታቸውን አኑረው ወደ ታችኛው አወረዱ።

"ከዚህ እስከዚህ እናቴ ጋ ነበርኩ" አሉ።

ከዚያ ካርዱን ከደመወዝ ወረቀቶቹ በላይ አድርገው በዚያው ላስቲክ አሰሩት፤ ጫማቸውን እንዳመጣላቸውም ጠየቁኝ፤ የሐኪሙ ቀጠሮ ለአራት ሰዓት ነበር።